ዳገቱ ይፍረድ

«ትንሽ ጨምሪበት እንጂ!» አለች ሬዲዮ፣ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣ እግሯን እያወዛወዘች። «ምን ያሰስትሻል? የራስሽ መኪና ነው።»

ጓደኛዋ ብሎን በግራ እጇ ካንዴላውን ይዛ ጫፉ ላይ ያለችውን የታጠፈች ብረት በፒንሳ ቀስ አድርጋ ወደ ላይ ከፈተቻት። ከዚያ የአባቷን መለኪያ አነሳች። መለኪያው እንደ ማራገቢያ የሚዘረጉ ስስ የብረት ቅጠሎች አሉት፤ እያንዳንዷ ቅጠል ላይ ውፍረቷ ተጽፏል። ሁለት ወፋፍራም ቅጠሎች ደርባ በክፍተቱ አሳለፈቻቸው። ያለ ችግር ገቡ። አንድ ሚሊሜትር ተኩል። ለዚህ ሞተር ይሄ ክፍተት አይባልም፤ በር ነው።

ብሎን ብሎ የሰየማት አባቷ ነው። ገና ዳዴ ስትል መሬት ላይ ያገኘችውን ብሎን ሁሉ አፏ ውስጥ ትከት ነበር፤ አንዱንማ ውጣ ቤተሰቡን በሙሉ የፖፖ ዘበኛ አድርጋዋለች። ስሙ በዚያው ቀረ። ጓደኛዋ ለምን ሬዲዮ እንደተባለች ደግሞ ከሷ ጋር አንድ መንገድ የሄደ ሰው አይጠይቅም።

«እዪው» አለች ሬዲዮ፣ ዕቅዱን ለስንተኛ ጊዜ እንደምትደግመው እንጃ። «ነገ አዋላጇ መኪናውን ልትገዛ ትመጣለች። ቁልፉን ታዞራለች፤ ይነሳል። ደስ ይላታል። ከዛ ዳገት ላይ ልሞክረው ትላለች። ዳገቱ መሃል ላይ እህህ፣ እህህ፣ እህህ! <ኧረ ይቅርብኝ የኔ እናት> ብላ ትሄዳለች። አለቀ! መኪናው እዚሁ ቀረ፣ እኛም የቤት ሥራችንን ኋላ ወንበሩ ላይ መሥራታችንን ቀጠልን። ሞኝ ነኝ?»

«አይደለሽም» አለች ብሎን፣ ሁለተኛውን ካንዴላ እያነሳች።

ነገሩ የሬዲዮ ይምሰል እንጂ ዕውቀቱ የብሎን ነው። አባቷ መካኒክ ነበር፤ ለሷ ሲያስረዳት ደግሞ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው አልነበረም። «የካንዴላ ሥራ እሳት ማዝለል ነው» ይላት ነበር። «እሳቱ ከአንዱ ብረት ወደ ሌላው ይዘላል። ክፍተቱ ሰፋ ሲል እሳቱ ወፍራም ይሆናል፣ ቤንዚኑም አምሮበት ይቃጠላል። ከልክ ካለፈ ግን ጉድ ይመጣል። ቆሞ ሲሠራ ይዘላል፤ ዳገት ላይ ሞተሩ ሲጨነቅ መዝለል ያቅተዋል። ቆሞ ሲያጓራ ሁሉም መኪና ጎበዝ ነው፣ ብሎኔ።»

መኪናው የአባቷ የራሱ ነው። ግቢው ጥግ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚቆም፣ ቀለሙ ድሮ ሰማያዊ የነበረ አሮጌ መኪና ነው። አባቷ ሊታመም ሰሞን የድሮውን ማቀጣጠያ አውጥቶ በኤሌክትሮኒክ ቀየረው፤ አዲስ ጠንካራ ኮይልም ገጠመለት። ኮይል ማለት ለካንዴላዎቹ ጉልበት የሚልክላቸው ዕቃ ነው። ጉልበቱ ከጨመረ የካንዴላዎቹም ክፍተት ሊሰፋ ይችላል። ጥያቄው በስንት የሚለው ነበር፤ አባትና ልጅ ተጣሉበት።

«አንድ ነጥብ አንድ» አለች ብሎን። «የኮይሉ ካርቶን ላይ ተጽፏል።»

«ካርቶኑን የጻፈው ሰው ይሄን ሽማግሌ ሞተር የት ያውቀዋል? ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ።»

«ታዲያ አዲሱን ኮይል ለጌጥ ነው እንዴ የገጠምከው?»

አባቷ እስኪያስለው ሳቀ። «እሺ፣ ዳገቱ ይፍረድ። እሑድ እንወጣለን። ዳገቱ ሳይቆራረጥ የተቀበለው ትልቁ ክፍተት፣ እሱ ነው ልኩ። የተሸነፈ ሳምንቱን ሙሉ ሳህን ያጥባል!»

እሑድ አልወጡም። ቅዳሜ ራሴን አመመኝ ብሎ ተኛ፤ ከዚያ ሆስፒታል ገባ፤ ከሆስፒታል አልተመለሰም። ካንዴላዎቹ በአሮጌው ክፍተታቸው እንደጠበቡ፣ ውርርዱም እንደተንጠለጠለ ቀረ።

ብሎን እስከ ዛሬ አላለቀሰችም። መጀመሪያ ሰው ሁሉ «ጠንካራ ልጅ» አላት፤ ቆይቶ ደግሞ እንደ መፍራት እያለ ያያት ጀመር። ጥርስ ሐኪም ድዷን ማደንዘዣ ሲወጋት ጉንጯ የሆነውን ታስታውሳለች፤ ጉንጭ እንዳላት ታውቃለች፣ ብትነካው ግን የሌላ ሰው ነው። አሁን ሁለመናዋ እንደዚያ ነው። ክፍል ውስጥ ትቀመጣለች፣ አስተማሪ ይጠራታል፣ «ደህና ነኝ» ትላለች። ጥያቄው የሒሳብ ነበር።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ መኪናው ውስጥ ገብታ ትቀመጣለች። እዚያም ቢሆን ምንም አይሰማትም። ግን ወንበሩ የሱን ጀርባ እንደያዘ ጎድጉዷል፣ መሪው ላይ የሱ እጅ ያለሰለሰው ቦታ አለ፤ ቤቱ ውስጥ ከሚሰማት ምንም ይልቅ የመኪናው ምንም ይሻላት ነበር። እናቷ ልትሸጠው ቆረጠች።

እናቷን መጥላት አልቻለችም፤ ያ ነው ያስቸገራት። አንድ ጠዋት በመስኮት አይታታለች። እናቷ በሁለት እጇ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዛ ግቢውን አቋርጣ ወደ መኪናው ሄደች፣ ዝቅ ብላ አንዱን ብርጭቆ ጎማው አጠገብ አስቀመጠች፤ እሱ ሁልጊዜ ከመኪናው ሥር እጁን ሰዶ የሚያነሳበት ቦታ። ከዚያ እዚያው ቁጢጥ እንዳለች ደርቃ ቀረች። ሻዩ ቀዘቀዘ። በማግስቱ «መኪናው ይሸጥ» አለች። ብሎን ያየችውን ለማንም አልተናገረችም፤ ለሬዲዮም ጭምር፣ ለሬዲዮማ ከተነገረ አገር ሰማ ማለት ነው።

አራተኛውን ካንዴላ መልሳ ስታጠብቅ ሬዲዮ ገብታ ቁልፉን አዞረችው። ሞተሩ ተነሳ። ድርርር እያለ ተረጋግቶ ሠራ። ምንም የማያውቅ ሰው ቢሰማው «እንዴት ያለ ጤነኛ ነው!» ይል ነበር።

እናቷ ድምፁን ሰምታ በወጥ ቤቱ መስኮት ብቅ አለች። «ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«ለነገ እያዘጋጀሁት ነው፣ እማዬ።»

«ጎሽ የኔ ልጅ። ተባረኪ» አለች እናቷ፣ ወደ መኪናው ላለማየት ፊቷን ወደ አጥሩ አዙራ።

ማፈር እንዳለባት ብሎን ታውቃለች። አላፈረችም። እጇን በጨርቅ ጠርጋ ኮፈኑን ዘጋችው።

*

አዋላጇ በጠዋት መጣች። አጭር፣ ፈጣን፣ ትልቅ ቦርሳ በትከሻዋ ያነገተች ሴት ናት፤ ሰላምታዋን ሳትጨርስ መኪናው ውስጥ ገብታ ተቀምጣለች። ቁልፉን አዞረች። ድርርር። ጆሮዋን ጣል አድርጋ ሰማችና ፈገግ አለች።

«ላይኛው ጤና ጣቢያ ነው የተመደብኩት» አለች ለብሎን እናት። «መንገዱን ታውቂው የለ? ዳገት ብቻ! መኪና እንደ ልብ አይገኝም። ባለፈው አንዷን ልጅ ምጥ ይዟት በቃሬዛ ነው ያወረድናት። ደረሰች። ለጥቂት ግን ደረሰች።»

ብሎን ከሬዲዮ ጋር ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። አሁን ዳገቱን ልሞክረው ትላለች ብላ ጠበቀች። መኪና የሚገዛ ሰው ሁሉ እንደዚያ ይላል።

አዋላጇ ሞተሩን አጥፍታ ወረደች። «በቃ፣ እወስደዋለሁ።»

«አትሞክሪውም እንዴ?» አለች እናቷ።

«ምን ያስሞክረኛል? አንድ ጊዜ በዝናብ መንገድ ላይ ቆሜ ሰው ሁሉ ጭቃ እየረጨኝ ሲያልፍ የቆሙልኝ ባለቤትሽ ናቸው። የክት ልብሳቸውን ለብሰዋል፤ ግብዣ ቦታ የሚሄዱ ይመስሉ ነበር። ምን አሉኝ መሰለሽ? <ያዢልኝ> ብለው ኮታቸውን ሰጡኝና በነጭ ሸሚዝ ጭቃው ላይ ተንጋለሉ! በነጭ ሸሚዝ ጭቃ ላይ የሚተኛ ሰው የነካውን መኪና እኔ አልሞክርም።»

«ያ ሸሚዝ!» አለች እናቷ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ። «እስከ ዛሬ አልለቀቀም እኮ! ቀቀልኩት፣ አሸሁት፣ ምን ያላደረግኩት አለ?» ሳቀች። ብሎን እናቷ ስትስቅ ከሰማች ወራት አልፈዋል።

አዋላጇ ወደ ልጆቹ ዞረች። «አንቺ ነሽ አሉ ያዘጋጀሽው። ምንም የለበትም አይደል?»

ብሎን አፏን ከፈተች።

«ምንም!» ብላ ቀደመቻት ሬዲዮ። «ልክ እንደ አዲስ ነው፣ እትዬ! አባቷ እንዳስተማራት ነው የሠራችው።» ከኋላ በኩልም የብሎንን ክንድ ቆነጠጠቻት። ዝም በይ፣ ሌላ መላ እንፈጥራለን ማለቷ ነው።

በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ብሎንም አፏን ዘጋች። ቁልፉ ከእናቷ እጅ ወደ አዋላጇ እጅ ሲያልፍ አየች። አዋላጇ ቦርሳዋን ኋላ ወንበር ላይ ወረወረችው፤ ብሎንና ሬዲዮ የቤት ሥራቸውን የሚሠሩበት ወንበር ላይ። ምጥ የያዛት ሴት የምትተኛውም እዚያው ነው የሚሆነው። ከዚያ ዳገቱ። ከዚያ እህህ፣ እህህ፣ እህህ። ሬዲዮ ትናንት ስታስመስለው ሁለቱም ስቀው ነበር።

ምንም አልተሰማትም፤ አሁንም። ግን ሳይሰማትም ታውቃለች። እግሯ ተነስቶ ሄዶ ከመኪናው ፊት ቆመ።

«አይውሰዱት» አለች።

«ምነው የኔ እናት?»

«ዳገት አይወጣም። ካንዴላዎቹን ከልክ በላይ አስፍቻቸዋለሁ። አውቄ ነው።» ድምጿ የገበያ ዋጋ እንደሚናገር ሰው ድምፅ ደረቅ ነበር። «ሲሞክሩት እንዲጠሉት ብዬ። አይሞክሩትም ብዬ አላሰብኩም።»

ሬዲዮ ጎማው ላይ ቁጭ አለች።

«ምን አልሽ?» አለች እናቷ።

«እንዳይሸጥ ፈልጌ ነው፣ እማዬ።»

እናቷ ልትቆጣ እጇን አንስታ ነበር፤ እጇ መሃል መንገድ ላይ ቀርቶ ወረደ። በሩ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። «ትናንት ተባረኪ ብዬሽ…» አለችና አልጨረሰችውም።

አዋላጇ አንዴ እናትየዋን፣ አንዴ ልጅቷን አየች። ሰዓቷንም አየች፤ የሰዓት ሰው መሆኗ ያስታውቃል። «ማስተካከል ትችያለሽ ወይስ ሌላ መካኒክ ልጥራ?»

«እችላለሁ። ግን ዳገት ያስፈልገኛል።»

«ለምን?»

«ልኩን የሚናገረው እሱ ነው።»

*

ከሰፈሩ ጀርባ ወደ ውሃ ማጠራቀሚያው የሚወጣ ረጅም ዳገት አለ። አባቷ ያስተካከለው መኪና ሁሉ የተፈተነው እዚያ ነው። አዋላጇ መሪውን ያዘች፤ ብሎን አጠገቧ፣ ሬዲዮ ከኋላ። ሬዲዮ ከግቢው ጀምሮ ቃል አልተነፈሰችም። ባትሪዋ አልቆ ነው የሚያስብል ነበር፣ የሚቀልድ ሰው ቢኖር።

ከመነሳታቸው በፊት ብሎን ክፍተቶቹን ወደ አንድ ነጥብ አንድ አጥብባቸዋለች፤ ከራሷ ግምት ጀመረች።

«በሦስተኛ ማርሽ ይግቡ» አለች። «እስከ መጨረሻው ይርገጡት። ቢንተፋተፍም እንዳይለቁት።»

መኪናው እየጮኸ ወጣ። ግማሽ ድረስ ጎበዝ ነበር። ከዚያ ሳል ቢጤ መጣ፤ አንድ ጊዜ፣ ቀጥሎ ሁለቴ። ሌላ ሰው ላይሰማው ይችል ነበር። ብሎን ሰማችው።

«እንመለስ» አለች።

ታች ወርደው ቆሙ። ሞተሩ ስለጋለ እጇን በጨርቅ ጠቅልላ ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ አወጣች። ሬዲዮ ሳትጠራ ወርዳ መለኪያውን ያዘችላት። የአባቷ ቁጥር፣ ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ። ጫፏን በስሱ መታ መታ፣ ቅጠሏን አሳለፍ፣ ደግሞ መታ። ጣቷ ተቃጠለ። ቀጠለች።

በዚህኛው ዳገቱን ያለ አንድ ሳል ጨረሱት።

«ተሳካ!» አለች አዋላጇ። «ይሄው ወጣ አይደል? ልሂድ በቃ?»

ብሎን ልትስማማ ነበር። አባዬ አሸነፈ፣ ነገሩም አለቀ። ግን ልኩ የወጣው አይደለም፤ ልኩ ዳገቱ የሚቀበለው ትልቁ ነው። በዜሮ ነጥብ ዘጠኝና በአንድ ነጥብ አንድ መሃል ገና ያልተሞከረ አለ።

«አንድ ጊዜ ብቻ» አለች። «እባክዎ፣ እትዬ።»

አዋላጇ ተንፍሳ ቁልቁል ወረደች።

አንድ ሚሊሜትር ልክ። በሦስተኛ ማርሽ ገቡ። አዋላጇ ረገጠችው። ግማሽ ላይ ብሎን ትንፋሿን ያዘች፤ ሳል የለም። ያ መጀመሪያ ላይ የታነቀበት ኩርባ መጣ፤ ሳል የለም። እንዲያውም መኪናው ከቅድሙ በላይ ጉልበት አገኘ፣ ጀርባዋን ወንበሩ ላይ ለጠፋት። የውሃ ማጠራቀሚያው ከላይ ብቅ ሲል ሳቋ አመለጣት። አንድ! እሷ ያለችው አንድ ነጥብ አንድ፣ እሱ ያለው ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ፣ ዳገቱ ሁለቱንም ጣላቸው!

«አባዬ፣ ሁለታችንም—» ብላ ወደ መሪው ዞረች።

አዋላጇ ናት የተቀመጠችው።

የጥርስ ሐኪም መርፌ ሲለቅ አይናገርም። መጀመሪያ ትንሽ ይቆነጥጣል፤ ከዚያ ሕመሙ አንዴ ይመጣል። ብሎን እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ አልያዘላትም። ከሆዷ ጀምሮ አለቀሰች፣ እንደ ሕፃን፣ ንፍጧ እየወረደ፣ «የለም እኮ… የለም እኮ» እያለች። አዋላጇ መኪናውን ጥግ አስይዛ አቆመችው። ሰው ሲጮህ አጠገቡ መቀመጥ ሥራዋ ነው፤ አይዞሽ አላለች፣ ዝም በይ አላለች። እጇን ብቻ የልጅቷ ጀርባ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ከኋላ ደግሞ ሌላ እጅ መጥቶ ትከሻዋን ጨበጠ። ሬዲዮም እያለቀሰች ነበር።

ቆይታ ብሎን በቅባት በተለወሰ እጇ ፊቷን ጠረገች። «አሁን ይውሰዱት» አለች። «ልክ ነው።»

*

ከሰዓት በኋላ ግቢው ጥግ ቆርቆሮው ብቻ ቀርቷል። ሥሩ መሬት ላይ የዘይት ነጠብጣብ አለ።

እናቷ ወጥ ቤት ተቀምጣ ነበር። ቁጣዋ ገና አልበረደም፤ ብሎን ስትገባ ቀና አላለችም። ከጠዋት ጀምሮ ያልታጠበ ሳህን ተከምሯል። ብሎን መለኪያውን መስኮቱ ላይ አስቀምጣ እጅጌዋን ሰበሰበች፤ ውሃውን ከፈተች።

«ማን አዘዘሽ?» አለች እናቷ። «ዕቃ አጥበሽ ልትደልዪኝ ነው?»

«አይደለም። ተወራርደን ነበር። እኔና አባዬ፣ በክፍተቱ። የተሸነፈ ሳምንቱን ሙሉ ሳህን ያጥባል ብሎ ነበር።»

ብሎን አንድ ሳህን አጥባ ደፋችው። ሁለተኛውን አነሳች።

«ሻይ ይዘሽለት የወጣሽ ቀን አይቼሻለሁ» አለች፣ ወደ ኋላ ሳትዞር። «ዛሬ እኔም እንደዛ ሆንኩ። ዳገቱ ላይ። ልነግረው ዞርኩ።»

የወንበር እግር ወለሉን ፋቀ።

«ታዲያ ማን ተሸነፈ?» አለች እናቷ፣ ከጀርባዋ ቆማ። ድምጿ ቀጥኗል።

«ሁለታችንም።»

እናቷ የሻይ ብርጭቆዎቹን ከጠረጴዛው ሰብስባ መጣች። አንድ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ሌላውንም።

«ጠጋ በይ» አለች። «የሱን እኔ አጥባለሁ።»

«ሳምንቱን ሙሉ ነው፣ እማዬ።»

«ይሁና።»

ብሎን ጠጋ አለችላት።